ከእረፍት የተመለሰን ስፖርተኛ አትቅጡ

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ ውድ ስፖርተኞች፣ የሕክምና ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ከከባድ ልምምድ በኋላ የጡንቻ ጉዳትን መቀነስና ማገገምን ማሻሻል» የሚል ነው። ስለ በረዶ ውሃ፣ ስለ መታሸት፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ እንድናገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፤ በየተራ እደርስባቸዋለሁ። ነገር ግን አብዛኞቻችሁ ከዓመታት ጀምሮ ታውቁኛላችሁ። በሕክምና አልጋዬ ላይ የሚተኙት እናንተ ያሠለጠናችኋቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ከባድ የጡንቻ ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው ስፖርተኛው ከእረፍት ወይም ከሕመም በተመለሰበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ሰውነቱ የረሳውን ጭነት በአንድ ቀን እንጭንበታለን። ከዚያ በኋላ የትኛው ቅባት፣ የትኛው ክኒን ይሻለዋል ብለን እንጨነቃለን። የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

በመጀመሪያ ከሜዳችን መውጣት ያለበትን አንድ አሮጌ አባባል ላንሳ። ስፖርተኛው በማግስቱ እግሩ ተሳስሮ ሲመጣ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብሃል፤ ሮጥ ሮጥ ብለህ አውጣው» ይባላል። ላክቲክ አሲድ ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚፈጥረው ነገር ነው፤ ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ሕመሙ ግን የሚጀምረው በማግስቱ ነው፤ የሚበረታውም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ሙከራ በመሮጫ ማሽን ላይ የደልዳላ ሜዳ ሩጫና የቁልቁለት ሩጫ ተነጻጽረው ነበር። በሜዳው ሩጫ ላክቲክ አሲድ ጨመረ፤ ሕመም ግን አልተከተለም። በቁልቁለቱ ላክቲክ አሲድ አልጨመረም፤ ሕመሙ ግን መጣ። ከዚያ በፊት፣ በ1902፣ ቴዎዶር ሃፍ የተባለ ተመራማሪ የዘገየው ሕመም ከጡንቻው ውስጣዊ መቀደድ የሚመጣ መሆኑን ጽፎ ነበር። በ1981 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች ደረጃ ደጋግመው ከወረዱ ሰዎች የጡንቻ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ የጡንቻውን ቃጫ ክፍሎች አያይዘው የሚይዙት ጥቃቅን መስመሮች ተዛብተውና ተበጣጥሰው አገኟቸው። ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ ዛሬም የተጎዳ ልጅ «ሮጠህ አውጣው» ይባላል።

ጡንቻን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እየተለጠጠ ጭነት የሚሸከምበት ጊዜ ነው። ክብደት ስናነሳ ጡንቻው ያጥራል፤ ያንኑ ክብደት ቀስ ብለን ስናወርድ ግን እየረዘመ ይሸከማል። ቁልቁለት መውረድ፣ ከዝላይ ማረፍ፣ በፍጥነት እየሮጡ ድንገት መቆም ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ይህ ዓይነቱ ሥራ ትንፋሽ አያስቆርጥም፤ የሚጠይቀው ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ ልብም ሳንባም አያስጠነቅቁም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ስፖርተኛው እየሳቀ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። ሰውነት ለዚህ ጉዳት የራሱ መከላከያ አለው። አንድ ጊዜ በልክ የተጫነ ጡንቻ፣ ያው ጭነት በድጋሚ ሲመጣበት የሚደርስበት ጉዳት በጣም ያነሰ ነው። ይህ ጥበቃ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በ2001 የታተመ ጥናት ላይ ሰዎች በክንዳቸው 24 ከባድ የማውረድ እንቅስቃሴ ከማድረጋቸው ከሳምንታት በፊት 2 ወይም 6 ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ያቺ ጥቂት ሥራ እንኳ በኋላ የሚደርሰውን ጉዳት ቀነሰችው። አስቡት! ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከማንኛውም ቅባትና መሣሪያ የበለጠ የሚሠራ መከላከያ በእጃችን አለ። የሚጠይቀን አንድ ሳምንት መታገሥ ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የማይል አሰልጣኝ የለም። የእረፍት ጊዜ አልቆ ልጆቹ በተሰለፉ በመጀመሪያው ጠዋት ግን ተረቱ ተረስቶ ፊሽካው ይነፋል።

አንድ ልጅ ላንሳላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ የአሰልጣኙንም ስም አልጠራም። ልጁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥቂ ነው፤ ፈጣን፣ ትሑት፣ ታዘዝ የተባለውን ሁሉ የሚታዘዝ። ታሞ ሦስት ሳምንት ከልምምድ ቀርቶ ነበር። በተመለሰበት ቀን አረፈደ። አሰልጣኙ በጓደኞቹ ፊት አቆመውና የእንቁራሪት ዝላይ ፈረደበት፤ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ደግሞም መልስ፣ ደግሞም እንደገና። ልጁ ሲወድቅ ጓደኞቹ ሳቁ። ተነሣና ቀጠለ፤ ምክንያቱም ያን ቀን ካቆመ ቦታውን እንደሚያጣ ያምን ነበር።

በማግስቱ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። በሁለተኛው ቀን ጭኑ አብጦ ሱሪው አልገባ አለው። ለአሰልጣኙ ሲነግረው የተሰጠው መልስ ያው የምታውቁት ነው፤ «ላክቲክ አሲድ ነው፣ ሮጠህ አውጣው»። ሁለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተጨመረለት። ልጁ ክኒኑን ውጦ ሮጠ። የዚያን ዕለት ማታ ሽንቱ ጠቆረ። አፍሮ ለማንም አልተናገረም፤ በነጋታው ጠዋት አብሮት የሚያድር ጓደኛው ነው እየጎተተ ወደ እኔ ያመጣው።

ጭኑን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ እንጨት ደርቋል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ጉልበቱ በግማሽ እንኳ አይታጠፍም። በሚያሳይ የፕላስቲክ ኩባያ ሽንቱን እንዲያመጣልኝ ነገርኩትና ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በብርሃን አየሁት፤ የወፈረ ሻይ ይመስል ነበር። ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላክሁት። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዩኒት የማይበልጠው ክሬቲን ካይኔዝ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም በእርሱ ደም ውስጥ በአሥር ሺዎች ተቆጥሮ ተገኘ። ፈሳሽ በደም ሥሩ እየተሰጠው ቀናት ተኝቶ ኩላሊቱ ተረፈለት።

የተኛ ዕለት አሰልጣኙ ስልክ ደወለልኝ። ስለ ኩላሊቱ አልጠየቀኝም። «ለቅዳሜው ጨዋታ ይደርሳል ወይ?» አለኝ።

ይህ በሽታ ስም አለው፤ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። የፈረሰው ጡንቻ ማዮግሎቢን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ይህም ኩላሊት ውስጥ ሲደርስ ቱቦዎቹን ይዘጋል፣ ይጎዳል። የሕክምናው ዓለም ጉዳዩን በሚገባ ያስተዋለው በ1941 ነው፤ ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በለንደን የአውሮፕላን ድብደባ ጊዜ ፍርስራሽ ተጭኗቸው ከቆዩ በኋላ ከሥሩ የወጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ሲሞቱ አይተው ጻፉ። ሕንፃ የተጫነው ሰው ላይ የሚደርሰውን ነገር እኛ በፊሽካ ጤነኛ ወጣት ላይ እናደርሰዋለን! በ2011 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን 13 ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሆስፒታል ገቡ። ምክንያቱ ምን ነበር? ከሦስት ሳምንት ገደማ እረፍት እንደተመለሱ፣ ሊያነሱ ከሚችሉት ትልቁ ክብደት ግማሹን ተሸክመው 100 ጊዜ ቁጢጥ ብለው እንዲነሡ ታዘዙ፤ ሰዓትም ተያዘባቸው። እነዚያ ደካሞች አልነበሩም፤ ብርቱዎች ነበሩ። ብርታታቸው ግን ከሦስት ሳምንት እረፍት በኋላ እንዲህ ካለ ጭነት አልጠበቃቸውም።

ስለዚህ እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ በግልጽ እናገራለሁ። ልምምድ ቅጣት አይደለም! ያረፈደን ልጅ ልትመክሩት፣ ልታስጠነቅቁት፣ ከጨዋታ ልታስቀሩት ትችላላችሁ። ጡንቻውንና ኩላሊቱን ግን መቅጫ የማድረግ መብት ማንም አልሰጣችሁም። «ካላመመው አልሠራም» የሚለውም ይብቃ። ሕመም ያልለመደውን ነገር እንደሠራ ይነግራችኋል፤ እንደ ጠነከረ አይነግራችሁም። በደንብ የተዘጋጀ ስፖርተኛ ከብዶት ሠርቶ በማግስቱ እየተራመደ ይመጣል፤ እርሱ ነው የአሰልጣኙን ችሎታ የሚመሰክረው። ልጆች ተሰባብረው እያነከሱ ሲወጡ በኩራት የሚያይ አሰልጣኝ ካለ በምን እንደሚኮራ ራሱን ይጠይቅ።

ምን እናድርግ ካላችሁኝ፣ ሁለት የአሜሪካ የአካል ብቃት አሰልጣኞች ማኅበራት በ2019 ያወጡት መመሪያ ጥሩ መነሻ ነው። ከእረፍት የሚመለስ ስፖርተኛ በመጀመሪያው ሳምንት የሩጫና የአካል ብቃት ሥራው መጠን ቢያንስ በ50 በመቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቢያንስ በ30 በመቶ ይቀንስለታል። አዲስ ለገባ ልጅ ደግሞ ቅነሳው እስከ አራተኛው ሳምንት ይቀጥላል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁልቁለትና ዝላይ በትንሹም ቢሆን ይግባ፤ ግን በጣም በትንሹ። መከላከያው የሚገነባው በዚያች ትንሽ መጠን ነውና።

ወደ ክኒኑ ልለፍ። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን የሕመም ማስታገሻዎች ከልምምድ በፊት እንደ ቁርስ የሚውጡ ስፖርተኞች እዚህ አዳራሽ ውስጥም አላችሁ። በ2017 የታተመ ጥናት በረጅም ርቀት የጽናት ሩጫ ላይ ኢቡፕሮፌን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የኩላሊት ጉዳት ምልክት ከወሰዱት 52 በመቶ፣ ካልወሰዱት 34 በመቶ ላይ ታየ። ሰውነቱ በላብ የደረቀ፣ ጡንቻው የቆሰለ ሰው ኩላሊቱን በክኒን ማስጨነቅ የለበትም። ሌላም ጉዳት አለው። ወጣቶች ለስምንት ሳምንት ክብደት እያነሡ በየቀኑ 1,200 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ሲወስዱ፣ የጡንቻቸው እድገት አነስተኛ አስፕሪን ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነ። እብጠቱና ትኩሳቱ የጥገናው አካል ነው። ነጭ የደም ሴሎች የተበላሸውን ያጸዳሉ፤ ከዚያ አሌክሳንደር ማውሮ በ1961 ያገኛቸው፣ ከቃጫው ጎን ተኝተው የሚጠብቁ ሴሎች ነቅተው አዲሱን ይሠራሉ። ይህን ሥራ በየቀኑ እያፈንን ልጁ ለምን አልጠነከረም ማለት አንችልም።

በረዶ ውሃም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት ሕመሙን ያቀላል፤ በተከታታይ ቀናት ውድድር ላለበት ሰው አልከለክልም። ነገር ግን በ2015 የታተመ ጥናት ላይ ለ12 ሳምንታት ከክብደት ልምምድ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከሩ ሰዎች፣ ቀለል ያለ ብስክሌት ከነዱት ያነሰ ጡንቻና ያነሰ ጉልበት ገነቡ። በዝግጅት ወቅት በረዶውን ተዉት፤ በውድድር ወቅት ተጠቀሙበት። መታሸት ሕመምን በመቀነስ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ አለው። ከልምምድ በፊትም ሆነ በኋላ ጡንቻን ማሳሳብ ግን ለማግስቱ ሕመም የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ቀኑን ሙሉ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ በየማዕዱ ተከፋፍሎ። በሰዓታት ውስጥ ሌላ ልምምድ ካለ በየሰዓቱ ለአንድ ኪሎ 1 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት። በላብ ለጠፋ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር ፈሳሽ። እንቅልፍም አለ፤ በ2021 በወጣ ጥናት አንድ ሌሊት ሙሉ አለመተኛት ብቻ ጡንቻ ፕሮቲን የሚሠራበትን ፍጥነት በ18 በመቶ ቀንሶታል። ጎህ ሳይቀድ ልምምድ የምትጠሩ አሰልጣኞች ልጆቹ በስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቁ።

በሩ ላይ አንድ ወረቀት እየታደለ ነው። በልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ እንድትለጥፉት እለምናለሁ። የተጻፉበት ሦስት ምልክቶች ናቸው፦ ከመጠን ያለፈ እብጠትና ሕመም፣ መገጣጠሚያን ማጠፍ ወይም መዘርጋት አለመቻል፣ የጠቆረ ሽንት። ከእነዚህ አንዱን ያየ ስፖርተኛ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፤ ለመሄድም የማንንም ፈቃድ አይጠብቅ። «አሰልጣኙ ከፈቀደ በኋላ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ እንዲጨመር ጠይቃችሁኝ ነበር። አልጨመርኩትም።

አመሰግናለሁ።