በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እናቴ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ዓመት ሙሉ "ደከመኝ፣ በረደኝ" ስትል ከረመች። የማርቆስ ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ጋቢ ደርቦ መዋል ብርቅ ስላልሆነ ማናችንም ልብ አላልናትም። "ዕድሜ ነው" አልን።

በኋላ አልትራሳውንድ ስትነሳ ጉበቷ ላይ ስብ ተገኘ። ያያት ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቃት "አረቄ ይጠጣሉ?" ብሎ ነው። እናቴ ጠላ ትጠምቃለች እንጂ ከቅምሻ አታልፍም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ታመኛለች። ጉበት እኮ የሚታመመው በመጠጥ ብቻ አይደለም!

ሌላ ሐኪም ፀጉሯ መሳሳቱን፣ ድምጿ መጎርነኑን አየና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘላት፤ ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ነው። ሐሺሞቶ ሆኖ ተገኘ። ስሙ የጃፓናዊው ሐኪም የሐካሩ ሐሺሞቶ ነው፤ በሽታውን በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው እሱ ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል፤ ዕጢው የሚያመነጨው ሆርሞንም እያነሰ ሊሄድ ይችላል። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል።

እኛ አገር የዚህ ዕጢ ነገር ሲነሳ የሚታወቀው እንቅርት ነው። አያቴ አንገቷን የተነቀሰችው ለጌጥም፣ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነው። የእናቴ አንገት ግን አላበጠም። ማን ይጠርጥር?

ነገሩ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ጉበት ስብ የሚያቃጥለው በታይሮይድ ሆርሞን ትእዛዝ ጭምር ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ኮሌስትሮል ይወጣል፣ ስቡም ሊከማች ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጠባሳ ለጀመረው የሰባ ጉበት የተፈቀደው ሬስሜቲሮም የሚባለው መድኃኒት ራሱ ጉበት ውስጥ የዚህን ሆርሞን ሥራ አስመስሎ የሚሠራ ነው። እና እባካችሁ፣ ድካሙ ከበረታባችሁና ጉበታችሁ ስብ አለው ከተባላችሁ "ታይሮይዴስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐሺሞቶ ያለበት ሁሉ ጉበቱ ይሰባል ማለት ግን አይደለም።

እናቴ አሁን ሌቮታይሮክሲን ትወስዳለች። ኪኒኑ የጎደለውን ሆርሞን ይተካል እንጂ የጉበት መድኃኒት አይደለም፤ ለጉበቷ ስኳር ቀንሳለች፣ በእግሯ ትሄዳለች። ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ትውጣለች፤ ቡና ቶሎ ከተከተለው በደንብ ወደ ደም አይገባም። ጎረቤት ማልዶ "ቡና ጠጡ" ሲላት "ትንሽ ቆዩኝ፣ አሁን ነው የዋጥሁት" ትላለች። እነሱም ለምደውታል። ጀበናውን ከፍሙ ዳር አድርገው ይጠብቋታል።