አዋጁ አይፈቅድም

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ይቆየን። የእማማ ነገር ከውስጤ አልወጣልኝም።

አከራዬን እማማን ታውቋቸዋላችሁ። ድመቷን፣ ሬዲዮኑን፣ ቀረጻ መሃል «ልጄ፣ ቡና ደርሷል» ብለው የሚጣሩትን። ያው አራት ኪሎ፣ እሳቸው ግቢ፣ ያችው ሰርቪስ ውስጥ ነኝ።

እሑድ ጠዋት በሩን አንኳኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ልጄ፣ ከመጪው ወር ሁለት ሺህ ብር ጨምርልኝ» አሉኝ። እኔም ሳላስበው «እማማ፣ አዋጁ እኮ አይፈቅድም» አልኳቸው።

ነጠላውን ለቀቁት። «አዋጅ?» አሉ። አንዴ ብቻ። ከዚያ «እሺ» ብለው ዞሩ።

ያልኩት ልክ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪም ተቆጣጣሪው የመንግሥት አካል በሚወስነው መጠን፣ በዓመት አንዴ ነው። አከራይ ባሰኘው ቀን አይደለም። ውላችንን ወረዳ ሄደን ነው ያስመዘገብነው። ያ ሰልፍ! እማማ ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ለሰልፈኛው ሁሉ አደሉ። ከፊታችን አንዲት ነፍሰ ጡር ከአከራይዋ ጋር ስትጨቃጨቅ መሃል ገብተው አስታረቁ። ሴትየዋ ስትወጣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ብላ ነበር፤ ከለከሏት፣ ሆድሽን ጠንቀቅ ብለው… እና እዚያው፣ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው ይህን ወረቀት የፈረሙልኝ።

ሕጉን የምደግፈው በምክንያት ነው። ጓደኛዬ፣ ይሄ አዋጅ ሳይወጣ በፊት፣ የአራት ወር ልጅ ታቅፋ «በሦስት ቀን ልቀቂ» ተባለች። የጽሑፍ ውል አልነበራትም። ሌላ ቤት ስንፈልግ ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ አለ፤ አንዱ አከራይ ደግሞ ልጅ ካለ አላከራይም። ፍራሹን አይሱዙ ላይ ስንጭን ዝናብ ጀመረ። ልጁን ጃኬቴ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ቀን አንድ አንቀጽ፣ አንድ የምናሳየው ወረቀት ቢኖረን ብዬ ስንት ተመኘሁ። አሁን አንቀጹ አለኝ። ማን ላይ ጠቀስኩት? እማማ ላይ።

«አዋጅ?» ያሉባት ድምፅ… ማታ ተኝቼ ነው የገባኝ። ነግረውኛል እኮ፣ እናንተም እዚሁ ሰምታችኋል። አባታቸው ሦስት ቤት ነበራቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንዱ ቤት ቀረላቸው፣ ሁለቱ ሄዱ። ለተከራይ ጥሩ ቀን ነበር፤ ኪራይም ተቀነሰ። የከተማው መሬት በጥቂት ሰው እጅ ነበርና ችግሩ የእውነት ችግር ነው። ለእማማ ግን አዋጅ ማለት አባታቸው ቁልፍ ያስረከቡበት ቀን ነው። እኔ ያን ቃል በፒጃማ ቆሜ፣ በራቸው ላይ… በሬ ላይ… የማን በር እንደሆነም እንጃ፣ ብቻ አልኳቸው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ለግል ንብረት ይቆማል። አንቀጽ 90 ደግሞ ዜጋ መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ ይላል፤ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን። እኔና እማማ እነዚህ ሁለት አንቀጾች መሃል አንድ የመብራት ቆጣሪ ተጋርተን እንኖራለን። እሳቸው ከሁለት ሰርቪስ ኪራይና ከባላቸው ጡረታ ሌላ ምንም የላቸውም። ስግብግብ ሆነው አይደለም የጠየቁኝ። የዘይት ዋጋ ነው። ሕጉ ግን ባለ ፎቁንም እማማንም «አከራይ» ብሎ ነው የሚጠራው።

እና ምን ይሁን? ለደጉ አከራይ ሌላ ሕግ ይውጣ? ደግነት በምን ይለካል? የጓደኛዬም አከራይ እኮ ባልቴት ነበሩ። እሳቸውም ዘይት ይገዛሉ። እዚህ ስደርስ ሐሳቤ ይቆረጣል።

ትናንት የተፈጠረውን ልንገራችሁ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ደህና አደሩ አልኩ። ቀና ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና አደሩ?» አሉኝ።

እርስዎ።

አራት ዓመት ሙሉ «አንተ ልጅ፣ በላህ?» ሲሉኝ የኖሩ ሴት ናቸው። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። ድስቱ ከተጣደ በኋላም አልጠሩኝም።

ሁለቱን ሺህ በፈቃዴ ልጨምር? አስቤበታለሁ። ግን አሁን ብሰጥ ምጽዋት አይመስልባቸውም? ወይ ጥፋቴን በገንዘብ የምከፍል? ይቅርታ ልበል ብዬም ነበር፤ ለየትኛው ቃል እንደሆነ ጠፋኝ። ያልኩት እውነት ነው እኮ። እውነት ነው ግን…

ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቻለሁ። ጥሬውን፣ የሚወዱትን የይርጋ ጨፌ። ጠረጴዛው ላይ ከማይኩ አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሬዲዮናቸው ይሰማችኋል? እኔ ይሰማኛል። ገና አልተኙም።