ዓይንና ግራይንደር፦ ኮምቦልቻ ላይ ለብረት ሥራ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ውስጥ አንዱን ብሎ ሌላውን መተው ስለማያምር ሁለቱንም ብያለሁ።

ውድ ሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ መምህራን፤ ጠዋት ደሴን በጉም እንደተሸፈነች ትቻት ነው የወረድኩት። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ሲሉት ሙቀታችሁ ከሩቅ ይቀበላል። ሹራቤን መንገድ ላይ አወለቅኩ። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ብቻ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ሥራ ፈጠራ ተናገር ነበር የተባልኩት። ስለ እሱ የሚናገር አይጠፋም። እኔ ስለ ዓይን ላውራ።

ደሴ ላይ በርና መስኮት ስሠራ 26 ዓመቴ ነው። በጀመርኩ ሰሞን ቱቦላሬ፣ ያንን ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ በግራይንደር ማለትም በሚሽከረከረው መቁረጫ ማሽን ስቆርጥ ጥቁር መነጽር አደርግ ነበር። ከገበያ የገዛሁት፣ የሚያምር መነጽር። ለፎቶም ይሆናል። አንድ ቀን ብናኝ በጎን በኩል ሾልኮ ገባ። ጓደኛዬ በፎጣ ጫፍ ላውጣልህ ብሎ ታገለኝ። አልወጣለትም፤ ይባስ ብሎ አሻሸው። ሁለት ቀን ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ብረቱን አወጣና ዙሪያውን ዝገት ቀርቷል አለኝ። ብረት እርጥብ ቦታ ከቆየ እንደሚዝግ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ዓይኔ ላይም ይዝጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልውሰዳችሁ። ውጭ አገር ነው የሚኖረው። ኤርሶፍት የሚባል ጨዋታ ይወዳል። ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዘው በቡድን ይሳደዳሉ፤ የሚተኩሱት 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ድብልብል ነው። አተር በሏት። የተለመደችው 0.2 ግራም ትመዝናለች። በሴኮንድ 100 ሜትር ስትበር ጉልበቷ 1 ጁል ነው። ቆዳ ላይ ሰንበር ታወጣለች፣ ጥርስ ትሰብራለች፣ ዓይን ካገኘች ደግሞ ታጠፋለች። ስለዚህ ሜዳው ውስጥ መነጽር ማውለቅ ክልክል ነው። ላብ ቢያጥለቀልቅህ፣ መስታወቱን ጉም ቢሸፍነው፣ ከሜዳው ወጥተህ ነው የምታወልቀው።

ለጨዋታ እኮ ነው! እኛ ከዚያ የባሰ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ፊታችን ላይ እያፈነዳን መነጽሩን ግንባራችን ላይ እንሰቅላለን። የደሴ በያጅ ግንባሩ በደንብ የተጠበቀ ነው፤ ለዚያስ አልታማም።

ልጁ ሲመጣ መነጽሩን አሳየኝ። ጠርዙ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። 166 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑ አንዲት የላቲን ፊደል። ቁጥሩ ለብዙ ዓመት የአውሮፓ የዓይን መከላከያ ደረጃ የነበረው ነው፤ አሁን በአዲስ እየተተካ ነው። ፊደሏ ደግሞ መነጽሩ ምን ያህል ምት እንደሚችል ትናገራለች። የሚፈትኑት 6 ሚሊ ሜትር በሆነች የብረት ኳስ ነው። መጠኗ ከጨዋታዋ አተር ጋር እኩል ነው፤ ክብደቷ ግን 0.86 ግራም፣ ከአራት እጥፍ በላይ። ኤፍ የሚል ከሆነ ኳሷ በሴኮንድ 45 ሜትር በርራ ስትመታው ችሏል ማለት ነው። ቢ ከሆነ 120 ሜትር። ኤ ከሆነ 190 ሜትር፤ እሱ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ላይ ነው የሚገኘው። እንደ ተራ መነጽር ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ከኤፍ አያልፍም። የአሜሪካ ከሆነ ዜድ 87 የሚል ፈልጉ፤ የመደመር ምልክት ካለበት ለከባድ ምት የተፈተነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመቁረጫ ዲስካችሁን ጽሑፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ላይ 80 ሜትር በሴኮንድ ይላል። ከዚህ ፍጥነት አታሳልፉት ማለቱ ነው። በሰዓት ስናሰላው 288 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዚህ ፍጥነት ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመግባት ሰዓት ተኩል አይፈጅም። ዲስክ ሲሰበር ስባሪው በዚያ ፍጥነት ሊመጣ ይችላል፤ ከ0.86 ግራምም ሊከብድ ይችላል። ኤፍ የተፈተነው ለ45 ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። እኔ ለግራይንደር ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ በላስቲክ የሚታሰር፣ ቢ ያለበት ጎግል ነው የምለው። በላዩ ላይ ደግሞ የፊት መሸፈኛ። መሸፈኛው ብቻውን አይበቃም፤ ብናኝ ከአገጭ ሥር ይገባል፣ ቀና ስታደርገውም ጸጉርህ ላይ ያረፈው ይወርዳል።

ጽሑፍ የሌለውን ተዉት። ጽሑፍ ያለውንም በጭፍን አትመኑ፤ አስመስሎ የሚያትም አለ። ክፈፉና መስታወቱ ላይ ያለውን አስተያዩ። ከተለያየ ደካማውን ነው የምትይዙት።

ከዚያ የመነጽሩ ልክ። ይህን ሳትለኩ አትግዙ። አድርጉት፣ ወደ ላይ ተመልከቱ፣ ወደ ታች ጎንበስ በሉ። በጠርዙና በጉንጫችሁ መካከል ትንሿ ጣት ከገባች ብናኝም ይገባል። የአንዱ ፊት ለሌላው አይሆንም። ወንድምህ ጋ ግጥም ያለው አንተ ጋ በአፍንጫ በኩል ያፈሳል።

አሁን ወደ ጉሙ ልመለስ። ሰው መነጽር የሚያወልቀው ብዙ ጊዜ በጉም ምክንያት ነው። ደሴ ጠዋት ላይ መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ትንፋሽ ሲያርፍበት ወዲያው ይጨልማል። እናንተ ጋ ደግሞ ላብ አለ። ጉም የማይዝ ቅብ ያለውን ወይም ድርብ መስታወት ያለውን ፈልጉ። የአየር መውጫው ቀጥ ያለ ቀዳዳ አይሁን፤ የተሸፈነ ይሁን፤ ቀጥ ካለ ፍንጣሪም በዚያው ይገባል። የእህቴ ልጅ ጓደኞች ወንፊት የመሰለ የሽቦ መነጽር ያደርጋሉ አሉ፤ እሱ ጉም አይዝም። ለእኛ ግን አይሆንም። አተር ያስቀራል እንጂ ብናኝ አያስቀርም። ጥርብ ድንጋይ የምትጠርቡም ይህን ስሙ።

ስታጥቡት በውሃና በሳሙና ይሁን። ቲነርና ቤንዚን አታስነኩት፤ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ በእነሱ ይሰነጣጠቃል። በካናቴራ በደረቁ መጥረግም ይጭረዋል።

ብየዳ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋል። በኤሌክትሮድ 100 አምፔር አካባቢ ስትበይዱ የጥቁረት ቁጥሩ 11 የሆነ መስታወት ይዛችሁ አትሳሳቱም። የምነግራችሁ ስለ ረዳቱ ነው። ቱቦላሬውን ይዞ ፊቱን የሚያዞረው ልጅ! ደግሞም በራፍ ላይ ቆመው የሚያዩ ሕፃናት። ብየዳ የመታው ሰው ወዲያው አይታወቀውም። ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ነው ዓይኑ አሸዋ እንደሞላበት የሚነቃው። ድንች ቆርጦ መለጠፍ ቅዝቃዜው ያስታግስ ይሆናል፤ ሕክምና ግን አይደለም። በራፋችሁ ላይ መጋረጃ ስቀሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብረት በመዶሻ ስትመቱ ስንጣሪ ዓይን ከበሳ ብዙም ላያምም ይችላል። አትሹት፣ አትጫኑት፣ ለማውጣትም አትሞክሩ። በቀጥታ ሐኪም ቤት። ጓደኛችሁ ፎጣ ይዞ ከመጣ ሽሹት።

ወላጆች፤ ለምርቃት ሱፍ ልትገዙ ካሰባችሁ ሱፉን ትንሽ ረከስ አድርጉትና በልዩነቱ ጎግል ግዙ። ሱፉን ከዚያ ቀን በኋላ የሚለብሰው አንዱ ጓደኛው ሲያገባ ነው።

ይኸው ጠረጴዛው ላይ ሁለት መነጽር አስቀምጫለሁ። አንዱ የዚያ ዘመን ጥቁር መነጽሬ ነው፤ 26 ዓመት አስቀምጬዋለሁ። ሌላው ቢ ያለበት ጎግል ነው። መዶሻም ይዤ መጥቻለሁ፤ ሁለቱንም እመታቸዋለሁ። ፊት የተቀመጣችሁ ወደ ኋላ ፈቀቅ በሉ። አብሽሩ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ የራሴን ላድርግ።