ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት፦ ፎቶ ቤት ከመሄዳችን በፊት

እሷ፦ ለአድማጮቻችን የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በባለሙያ ፎቶ ለመነሳት ስለሚደረግ ዝግጅት፣ በተለይም የሀበሻ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤት ስለሚገባ ሰው ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በፎቶግራፍ ሥራ ያሳለፉ ሰው ነዎት፤ እኔ የምጠይቀው እንደ ተነሺ ሆኜ ነው። ከምን እንጀምር?

እሱ፦ የሚነሱት ፎቶ ጉርድ ፎቶ አለመሆኑን ከማወቅ ይጀመር። ጉርድ ፎቶ ደንብ አለው፤ ለምሳሌ ለአሜሪካ ቪዛ የሚቀርበው 51 ሚሊ ሜትር በ51 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባውም ነጭ ወይም ለነጭ የቀረበ መሆን አለበት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወዲህም የሕክምና ምክንያት ካላጋጠመ በቀር መነጽር አድርጎ መነሳት አይፈቀድም። እኛ የምንነጋገርበት ፎቶ ግን ቤት ውስጥ የሚሰቀለው ወይም በሥራ ቦታ ሰው የሚያየው ስለሆነ፣ ምርጫው ሁሉ የተነሺው ነው።

እሷ፦ የብዙዎቻችን ምርጫ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተገዝቶ ሲለበስ እንዲያ ያማረው ቀሚስ፣ ፎቶው ላይ አንዳንድ ጊዜ ግራጫ ሆኖ የሚወጣው፣ የለበሰችውም ሴት ፊት የሚጨልመው ለምንድን ነው?

እሱ፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሱ መልክ ላይ ይጥላልና። ምክንያቱ ካሜራው ብርሃን የሚለካበት መንገድ ነው። መለኪያው የተቃኘው ያረፈበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል በሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ልክ ስለሆነ፣ ነጭ ሸማ ሲሞላበት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ሸማው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከዚያም በታች ይጨልማል። ለፊቱ ብቻ ተብሎ ብርሃኑ ያለ ልክ ሲጨመር በተቃራኒው ፈትሉም ሽመናውም ይጠፋና ሸማው ወረቀት ይመስላል። በጀማሪነቴ ዘመን አንዲት እናት በነጭ ቀሚስ አንስቼ፣ የጥበቡ ክር አንድ በአንድ እየተቆጠረ ፊታቸው ግን ጨልሞ ወጣ። ለማስረከብ ስላፈርሁ እንደገና አስጠርቼ አነሳኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ የብርሃን መለኪያውን ፊቱ አጠገብ ይዤ ሳልለካ ማንንም አላነሳም።

እሷ፦ ይህ የባለሙያው ድርሻ ነው። ተነሺዋስ በምን ታግዛለች?

እሱ፦ በቀሚሱ ምርጫ ብዙ ታግዛለች። የሚያብረቀርቅ ክር ከበዛበት ይልቅ የጥጡን ለስላሳ ነጭነት የያዘ ሸማ ለብርሃን ይመቻል። ከዚህም በላይ የጥበቡን ቦታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበሩበት ዘመን የተነሱትን የመኳንንት ፎቶግራፎች ስትመለከቺ፣ ካባውና ለምዱ ማዕረግ ስለሚናገሩ ብዙዎቹ ሰዎች ከራስ እስከ እግር ይታያሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው ፎቶ ከደረት በላይ ነው፤ ያማረው ጥበብ ከጉልበት በታች ከሆነ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዝ ሙሉ ቁመቷን ወይስ ግማሽ አካሏን እንደምትነሳ ትጠይቅ፤ ግማሽ ከሆነ አንገቱና ደረቱ ላይ ጥበብ ያለበትን ትምረጥ።

እሷ፦ ቀሚሱ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ የከረመ ከሆነስ?

እሱ፦ ከጎን በሚመጣ ብርሃን የእጥፋቱ መስመር እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል፤ በኮምፒውተር ይስተካከላል ብሎ መተው ደግሞ ሽመናውን ማበላሸት ነው። ከዋዜማው በትንሹ እርጥብ እያለ ይተኮስ፣ ወደ ፎቶ ቤትም በመስቀያ ተሰቅሎ ይምጣ።

እሷ፦ እኔ የማክልበት ነገር አለኝ፤ እሱም ነጠላው ነው። ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን ምልክት መሆኑን እናቶቻችን ያውቃሉ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ በጥድፊያ የምትለብስ ወጣት ግን ላታስተውለው ትችላለች። የምርቃት ደስታዋን ልታስቀር ሄዳ የለቅሶ አለባበስ ለብሳ ብትመለስ፣ ያ ፎቶ ሳሎን በተሰቀለ ቁጥር አክስቶቿ ሲያዝኑ ይኖራሉ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። እኔ የማየው ብርሃኑን ስለሆነ የነጠላው አጣጣል ሊያመልጠኝ ይችላል፤ ልብስ የሚያውቅ ሰው ይዞ መምጣት ትልቅ እርዳታ ነው። ሱፍ ለሚለብሱ ወንዶች የምለው አጭር ነው፦ በጣም የቀጠኑ መስመሮች ያሉበት ሸሚዝ በዲጂታል ካሜራ ላይ የሚርገበገብ ማዕበል ይፈጥራል፤ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ደግሞ ቀለሙን አገጭ ሥር ይረጨዋል።

እሷ፦ ወደ ተነሺዋ ፊት እንመለስ። ሹሩባ መቼ ትሠራ?

እሱ፦ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት። በዕለቱ የተሠራ ሹሩባ ግንባርንና የዓይንን ጥግ ስለሚወጥር፣ ተነሺዋ ያልተሰማትን ድንጋጤ የተሰማት ያስመስላታል። ጢሙን በምላጭ የሚላጭ ወንድም ሽፍታ የሚወጣበት ከሆነ አንድ ቀን ያስቀድም። ቫዝሊንና ቅባት ግን በዕለቱ ፊት ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ፣ በፍላሽ ብርሃን ግንባርና አፍንጫ ላይ ነጭ ነጥብ ይሠራልና፤ ላቡንም ወዙንም በሶፍት ጫን ጫን አድርጎ ማንሳት እንጂ ማሸት አይገባም።

እሷ፦ ፓውደርስ?

እሱ፦ ከቆዳዋ ቀለም ጋር የገጠመ ከሆነ መልካም ነው። ፊትን አንድ ደረጃ ለማቅላት ተብሎ የሚቀባው ግን አንገቱን ጠይም፣ ፊቱን የሌላ ሰው አድርጎ ያወጣዋል። ከፀሐይ የሚከላከል ንጥረ ነገር ያለበትም በመስታወት ሳይታወቅ በፍላሽ ነጭ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ አንድ የሙከራ ፎቶ እንዲነሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠይምነቷን ማሳመር የእኔ የብርሃን ሥራ ነው፤ እሷ ፊቷን ይዛልኝ ትምጣ።

እሷ፦ መነጽር የምታደርግ ከሆነችስ?

እሱ፦ ሁልጊዜ የምታደርገው ከሆነ አታውልቀው። እጀታውን ከጆሮዋ ላይ በትንሹ ከፍ ስታደርገው መስታወቱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ የመብራቱም ነጸብራቅ ከዓይኗ ላይ ይነሳል። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማ ከደረሰች ደግሞ የታክሲው ላብ እስኪደርቅ ቁጭ ብላ ታርፋለች፤ እኔም መብራቱን በነጠላዋ ላይ እየሞከርሁ እጠብቃታለሁ።