አንድ ስም፣ ሁለት ክላስ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ዛሬም የማነጋግራችሁ ከደሴ ነው። የማነሣው ጉዳይ በሞጁል፣ ማለትም በየራሳቸው በሚጻፉ ክፍሎች፣ ተከፋፍለው በሚሠሩ የዌብ መተግበሪያዎች ውስጥ የሚፈጠረው የክላስ (በአንድ ስም የታሰረ የኮድ ክፍል) ስም ግጭት ሲሆን፣ የዕለት ሥራዬ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በመሆኑ የምጀምረው ከዚያው ነው።

ለኮምቦልቻ ነጋዴ በሚሠራ መተግበሪያ ውስጥ የመጋዘኑ ሞጁል «ሪፖርት» የሚባል ክላስ አለው እንበል፤ የሽያጩም እንዲሁ። ፒኤችፒ በአንድ ጥያቄ ሂደት ውስጥ አንድን የክላስ ስም ሁለት ጊዜ ማወጅ ስለማይፈቅድ፣ ሁለተኛው ሲጫን ሥራው ይቆማል። ይህ እንኳ ደግ ነው። አንዳንድ ሠሪ «ክላሱ አስቀድሞ ካለ እለፈው» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሲያስገባ ግን ቀድሞ የተጫነው ክላስ ቦታውን ይይዛል፤ ሽያጩ የመጋዘኑን ሪፖርት የራሱ መስሎት ይጠራል፣ ስሕተቱም ከምንጩ ርቆ በሌላ ፋይል ውስጥ ብቅ ይላል።

በወሎ ገበያ መሐል «ሰይድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱ እንደሚዞርለት ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ የአባት፣ ሲያስፈልግም የአያት ስም ይጨመራል። በ2009 እ.ኤ.አ. ከፒኤችፒ 5.3 ጋር የመጣው ኔምስፔስ፣ ማለትም ከክላሱ ስም ፊት የሚገባው የቤተሰብ ስም፣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊት የዘር ሐረጉ በሙሉ በግርጌ ሰረዝ (_) እየተያያዘ በክላሱ ስም ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ ለዓይን አስቀያሚ ቢሆንም ይሠራ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጸደቀው የፒኤችፒ ሠሪዎች የጋራ ደንብ፣ ፒኤስአር-4፣ ደግሞ የኔምስፔሱን መነሻ ከተወሰነ ፎልደር ጋር ስላቆራኘ፣ ኦቶሎደሩ (ክላስ ሲጠራ ፋይሉን በራሱ የሚጭነው ኮድ) ፋይሉን በየፎልደሩ መፈለግ ቀርቶለት ከስሙ ብቻ ያገኘዋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፒኤችፒ በክላስ ስም ላይ የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን በፋይል ስም ላይ ይለያል። ፊደላችን እንዲህ ያለ ልዩነት ስለሌለው ይመስለኛል፣ ጀማሪዎቻችን በዊንዶውስ ላይ የሠራላቸው ኮድ ሰርቨር ላይ ሲወጣ «ክላሱ አልተገኘም» ሲላቸው በጣም ይደናገጣሉ።

ኔምስፔስ የማይፈታው ግን የቨርዥን ጉዳይ ነው። ሁለት ሞጁሎች አንድን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ)፣ አንዱ አሮጌውን ሌላው አዲሱን፣ ቢፈልጉ ኔምስፔሱ በሁለቱም ዘንድ ያው ስለሆነ ቀድሞ የተጫነው ለሁለቱም ያገለግላል። የፒኤችፒ ላይብረሪዎችን የሚጭነው መሣሪያ፣ ኮምፖዘር፣ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ለአንድ ላይብረሪ አንድ ቨርዥን ብቻ ይመርጣል፤ የሚስማማ ካላገኘ አልጭንም ይላል። ብዙዎች በዚህ እየተበሳጩ ለየሞጁሉ የራሱን የላይብረሪ ፎልደር ይሰጡታል፣ ይኸውም የተባረረውን ግጭት በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው። እኔ እምቢታው ደንበኛው ፊት ሳይሆን ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ እመርጣለሁ። ሞጁሉ ወደማላውቀው ሰው መተግበሪያ የሚገባ ከሆነ ግን ለላይብረሪዎቹ ኔምስፔስ ሁሉ የራሴን ቅድመ ቅጥያ ፒኤችፒ ስኮፐር በተባለ መሣሪያ እጨምራለሁ፤ በጽሑፍ መልክ ተቆራርጦ የተቀመጠና ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚገጣጠም የክላስ ስም መሣሪያውን ሊያመልጠው ስለሚችል ግን ውጤቱን ሳልፈትሽ አላስረክብም።

ጃቫ የተባለው ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ በሌላ መንገድ ሄዷል። በዚያ የአንድ ክላስ ማንነት የሚወሰነው በስሙና በጫነው ክላስሎደር (ክላሶችን የሚጭን ክፍል) በጥምር ነው፤ የጃቫ ዌብ መተግበሪያዎችን የሚያስኬደው ሰርቨር ቶምካት ለየመተግበሪያው የተለየ ክላስሎደር ስለሚሰጥ ሁለት ቨርዥኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ነገር ግን አንድ ላይብረሪ ለሁሉም መተግበሪያ በሆነው የጋራ ፎልደርም በአንዱ መተግበሪያ የግል ፎልደርም ከተቀመጠ፣ ስማቸው ፊደል በፊደል አንድ የሆኑ ሁለት ክላሶች ይፈጠሩና አንዱ ወደ ራሱ ሊቀየር እንደማይችል የሚናገር፣ ቀልድ የሚመስል የስሕተት መልእክት ይመጣል። ስለዚህ ሞጁሎች የሚነጋገሩበትን ኢንተርፌስ (ምን እንደሚጠራ የሚገልጸውን ውል) በጋራው ፎልደር ብቻ፣ አተገባበሩን ደግሞ በየግላቸው አስቀምጣለሁ።