አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢንተርካል ነው፣ በ1972 ዶን ዉድስና ጄምስ ላየን የሚባሉ የፕሪንስተን ተማሪዎች በጊዜው በነበሩት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ላይ ለመቀለድ የሰሩት ቋንቋ። ብዙ ሰው ስቆበት ያልፈዋል፣ እኔ ግን ዳታ ታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ምን እንደሆነ ከልቤ የገባኝ እዚህ ቋንቋ ላይ ነው።

ሌላው ቋንቋ ጋ ለሙሉ ቁጥር ኢንት ብለን እንጽፋለን፣ ለዴሲማል ቁጥር ፍሎት ብለን እንጽፋለን፣ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኢንተርካል ላይ ግን ታይፑን የሚነግራችሁ ከቫሪያብሉ (ቁጥር ከምናስቀምጥበት ስም) ፊት ያለችው ምልክት ናት፣ አንድ ነጥብ ከሆነች 16 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትገባበት አንድ ቦታ ናት)፣ ሁለት ነጥብ ከሆነች (እኛ ድሮ ቃል ከቃል የምንለይባትን ትመስላለች) 32 ቢት። ኮማ የ16 ቢት አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ነው፣ ጭራ ይሉታል፣ ሴሚኮለን የ32 ቢቱ ነው፣ እሱን ደሞ ዲቃላ ይሉታል። በቃ ይሄው ነው። ኔጌቲቭ የለ፣ ዴሲማል የለ፣ ስትሪንግ (ጽሑፍ) የለ፣ የመደመር ምልክት እንኳን የለም እኮ።

አሁን የምወዳት ቦታ መጣች። ኮድ ላይ በቀጥታ የምትጽፉት ቁጥር ከ0 እስከ 65535 ብቻ ነው፣ ባለ ሁለት ነጥቡ ግን እስከ 4294967295 ይይዛል፣ ታዲያ 65536ን እንዴት ነው የምናስገባው? 0ን እና 256ን ወስዳችሁ ቢቶቻቸውን እንደ ሹሩባ ትጎነጉኗቸዋላችሁ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያላችሁ፣ ሁለት ባለ 16 ቢት ተጎንጉነው አንድ ባለ 32 ቢት ይወጣቸዋል። 256 ላይ ያለችው ብቸኛዋ 1፣ ከቀኝ በኩል ከ0 ጀምረን ስንቆጥር 8ኛ ቦታ ላይ ነበረች፣ ከጉንጉኑ በኋላ 16ኛ ቦታ ላይ ትገኛለች፣ ያ ማለት 65536 ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ወረቀት ላይ ሞክሩት፣ እባካችሁ፣ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ በእጃችሁ።

እኔ በእጄ የሰራሁት ቀን ነው ታይፕ ማለት የቦታ ልክ እንደሆነ የገባኝ፣ ስንት ቢት ይገባል፣ ከሞላስ ምን ይሆናል የሚለው። ብዙ ቋንቋ ላይ ሲሞላ ትርፉ ተቆርጦ ይጣልና የተሳሳተ ቁጥር ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ኢንተርካል ግን ባለ አንድ ነጥቡ ውስጥ ትልቅ ቁጥር ልትከቱ ስትሞክሩ ፕሮግራሙን ያቆምና በእንግሊዝኛ ድምፃቸው አንድ በሆነው bite (መንከስ) እና byte (8 ቢት) በሚሉት ቃላት እየተጫወተ ይነግራችኋል፦ ማኘክ ከምትችለው በላይ አትጉረስ።