ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የቅሬ ሽማግሌዎቻችን፣ እዚሁ ቤት አብረን ያደግን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጣችሁ። ለድንኳኑም ለምሳውም ያዋጣችሁ፣ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ምስጋናውን ያሳጠርኩት የሆዴን ለመናገር ነው፤ ቅር አይበላችሁ።

የዘንድሮ ሥራችን አጭር ነው። የአሮጌው ቤት ቆርቆሮ ተቀይሯል። የአሳዳጊያችን የእማማ መቃብር ታጥሯል። የሦስት ልጆች የትምህርት ክፍያ ተሸፍኗል። ደስ ይላል።

የቤታችን ታሪክ ግን ዘንድሮም አልተጻፈም። ብር አጥተን አይደለም፣ ተጣልተን ነው። ግማሻችን «በፍቅር አደግን ተብሎ ይጻፍ» እንላለን። ግማሻችን «ከብት ጠብቀን፣ ማሽላ አርመን፣ በላባችን ነው የበላነው» እንላለን። ስብሰባው ሁሉ በዚህ አለቀ። አንዴማ ወንበር ተወርውሯል። ወርዋሪው ዛሬ ከፊት ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 እና 66 ረሃብ፣ ሰው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሲወድቅ፣ አባባና እማማ መጀመሪያ ያስገቡት መኪና የሚለምን ልጅ ነበር። ያኔ እርሻው ሰፊ ነው፤ ሠራተኛም ነበረው። በ1967 የመሬት አዋጅ ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ የለም፤ ጉልበት ያለው ሰው በቅጥር ማሳረስ አይችልም ተባለ። መሬቱ ጠበበ፣ ሠራተኛው ሄደ፣ የቲሞቹ ቀሩ። አባባ እርፍ ጨበጡ፣ ልጆቹ ከኋላ ጓል ከሰከሱ። በ1977 ረሃቡ ሲመለስ ሌሎች ልጆች ገባን። አንዱ እኔ ነኝ። በሬ ማሽላ ውስጥ ለቅቄ የተገረፍኩበት ጠባሳ አለ፤ የፈለገ ይይ። ያም ይጻፍ። ሌላ ቤት ደጃፉን እንዳልከፈተልኝም ይጻፍ።

እማማ የመዘገቡን ደብተር አለ። «ሴት፣ አራት ዓመት ገደማ፣ ከወረባቦ፣ ስሟን አታውቅም» ይላል አንዱ መስመር። በ2014 ጦርነት ቤቱ ሲዘረፍ የተረፈው ጎታ ውስጥ ተደብቆ ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። እኛ ስንጨቃጨቅ አይጧ እየሠራች ነው።

አሁን ለቀሩት። እዚህ ያላችሁ አድርሱልኝ። አንዱን ቦሌ አገኘሁት፤ ለጓደኞቹ «የአገሬ ልጅ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። የአገርህ ልጅ ብቻ? አንድ ቁርበት ላይ አልተኛንም እንዴ? መዋጮ በስልክ መላክ ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው ብርህን አይደለም፤ መጥተህ «እኔም እዚህ ነው ያደግኩት» እንድትል ነው። አፈርክብን መሰለኝ። ይህ ዓመቱን ሙሉ ከወንበሩ የባሰ አሞኛል።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የእናንተን መስመር ፈልጉ። መቅረጫ የያዘች ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ምሳ ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዳችሁ የምታስታውሱትን ንገሯት፣ መራራውንም ጣፋጩንም። ወንበር የወረወርከው፣ አንተ ጀምር።